የጸሎተ ሐሙስ ስካን

ሥራዬን በጀፕ፣ በጆሃንስበርጉ የሐበሻ ገበያ፣ ላሉ ሰዎች ማስረዳት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ እስካሁን የገባው ሰው የለም። «ኑክሌር ሕክምና» ስል ግማሹ ቦንብ ይመስለዋል፤ ግማሹ «በይ ራጅ አንሺ ነሽ» ብሎ ይገላግለኛል። ታላቅ ወንድሜ ግን የራሱ ትርጉም ነበረው። ከብርድ ልብስ መደብሩ ደጃፍ ቆሞ ለደንበኞቹ «እህቴ ሰው ሆድ ውስጥ መብራት ታበራለች» ይላቸዋል። ከአሌክሳንድራና ከዳቬይተን ሰፈሮች ለሱቃቸው ዕቃ ሊጭኑ የመጡት ሁሉ ዞር ብለው ያዩኛል፤ እኔም እናደዳለሁ። እናደዳለሁ እንጂ ከሱ የተሻለ ማብራሪያ እስከዛሬ አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካንሰር ሆዳም ነው፤ ስኳር ሲያገኝ ይሻማል። እኛ ጥቂት ጨረር የተጣበቀበት ስኳር በደም ሥር እንሰጣለን። በሽተኛው አንድ ሰዓት ያህል ጋደም ይላል፤ ከዚያ ካሜራው ውስጥ ሲገባ ስኳሩን የተሻማው ቦታ ሁሉ ሥዕሉ ላይ ያበራል። ያ ስኳር ማለዳ ተሠርቶ በእርሳስ ሣጥን ታሽጎ በመኪና ይመጣልናል፤ ደግሞ ቆይቶ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ጉልበቱ በግማሽ ይወርዳል። ታክሲዎች አድማ መትተው መንገዱን የዘጉ ቀን ሾፌራችንን በስልክ የምንለምነውን ልመና ለታቦት እንኳ ለምነን አናውቅም።

ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ስጀምር አንድ ሰው ካሜራው ውስጥ ተጋድሞ እግሩ እስኪደነዝዝ ይቆይ ነበር፤ አዲሱ ካሜራ ግን አፍንጫው ሳይበላው ያስወጣዋል። ድሮ ማየት ብቻ ነበር ሥራችን። አሁን አንዳንዱን ካንሰር፣ ካንሰሩን ፈልጎ የሚያሳየን መድኃኒት ራሱ ጠንከር ያለ ጨረር ተሸክሞ እየተመለሰ ያቃጥልልናል። ቤተሰብ ደግፎ ያስገባው ሽማግሌ ከወራት በኋላ በገዛ እግሩ መጥቶ «የኔ ልጅ፣ ቸኮሌት አመጣሁልሽ» ሲል ሰምቻለሁ። በቅርቡ ደግሞ ሥዕሉን አይቶ የሚያጠራጥረውን ቦታ በቀይ የሚያከብብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ገባልን። እኛ «ተማሪው» ብለን ስም አወጣንለት። ትጉህ ነው፤ ግን እንደ ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ምንም እንዳያመልጠው ስለሚፈራ ያላወቀውን ሁሉ ያከብባል።

ወንድሜ መታመሙን ያወቅነው በአንገት ልብስ ነው። በጆሃንስበርግ የበጋ ሙቀት አንገቱን ጠምጥሞ ሱቅ መዋል ጀመረ። «ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው ካልበረደው ማን ይገዛዋል?» እያለ ያሾፋል። አንድ ቀን ነደደኝና ጎትቼ ፈታሁበት። ከጆሮው በታች የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበረው። ያን ቀን የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ ስድቡ ሲያልቅብኝ አለቀስኩ። እሱ ሊያጽናናኝ ከመደርደሪያው ብርድ ልብስ አውርዶ አለበሰኝ፤ በዚያ ሙቀት!

በሽታው ሐኪሞቹ ሊምፎማ የሚሉት የንፍፊት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ዳዴ እል ነበርና ያሳደገኝ ይህ ወንድሜ ነው። ጆሃንስበርግ ያመጣኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ፣ ስመረቅ ከእልልታ አልፎ የዙሉ ጭፈራ የጨፈረልኝ እሱ ነው። ሁለት ዙር መድኃኒት ወስዶ ጸጉሩ ረገፈ፤ የሱፍ ቆብ አጠለቀ። እንደ ድሮው ቢሆን መድኃኒቱን እስከመጨረሻው ግተው ነበር ውጤቱን የሚያዩት። አሁን ግን መሐል ላይ ስካን ይነሳል። አንገቱ ላይ የነበረው ብርሃን ከጠፋ የቀረው መድኃኒት ይቀልለታል፤ ካልጠፋ ግን ወደ ከባዱ መድኃኒትና ወደ መቅኔ ንቅለ ተከላ ይኬዳል። ይህን አሠራር ለስንት ቤተሰብ በደስታ አስረድቻለሁ። ስንቱን ሰው ከማያስፈልገው መርዝ አድኗል። የራሴ ወንድም ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሆነብኝ። ወንድሜ በሕይወት ይኖር እንደሆነ የሚታወቀው በዚያች አንዲት ሥዕል ነው።

ቀጠሮው የኛ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ዋለ። የፈረንጆቹ ፋሲካ ቀድሞ አልፎ ስለነበር ሆስፒታሉ ሥራ ላይ ነው። ለበሽተኛ የሚሰጠው ወረቀት ከስካኑ በፊት ባለው ቀን ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ይብላ፤ ዳቦ፣ ሩዝና ጣፋጭ አይንካ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በሰሙነ ሕማማት የምትለው እናንተው ታውቁታላችሁ።

«ታዲያ ምን ልብላ? ወረቀቱን?» አለኝ።

አቮካዶና ጎመን በዘይት አዘዝኩለት። ቀጥሎ «ከባድ ሥራ አይሥሩ፣ አይሩጡ» የሚለውን ሳነብለት ሁለታችንም ሳቅን። ወንድሜ ሊፍት የተበላሸ ቀን ሱቁን የማይከፍት ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ለጥምቀትና ለፋሲካ ነው የሚመጣው፤ ያውም ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል።

ሐሙስ ጠዋት አብረን ገባን። የክፍላችን ደንብ ዘመድ የዘመዱን ስካን አያነሳም፣ ሥዕሉንም አያይም ስለሚል፣ የሶዌቶ ልጅ የሆነችው ባልደረባዬ ተረከበችው።

«ሳውቦና፣ ባባ» አለችው፤ ሰላም አባቴ ማለቷ ነው።

«ዬቦ ሲሲ፣ ብርድ ልብስ ትፈልጊያለሽ?» አላት፤ ሲሲ ያለው እህቴ ለማለት ነው። ከገበያ የለቀመው ዙሉ እንዲህ ነው፤ ሰላምታው ሳያልቅ ሽያጭ ይጀምራል። መርፌውን ወግታው እስከ ማታ ሕፃናትን እንዳያቅፍና እንዳይስም ስትነግረው እኔ ተረጎምኩለት። «በሕማማት ማን ይሳሳማል ብላ ነው?» አለና ጋደም አለ።

እኔ በሌላው ክፍል ሌላ በሽተኛ ነበረኝ። ሰዓቱ ደርሶ ወንድሜ ካሜራው ውስጥ ሲገባ እዚያው መቀመጥ ነበረብኝ። ግን ጓንት ላመጣ ብዬ ተነሳሁ፤ ጓንቱ ኪሴ ውስጥ ነው። የመቆጣጠሪያው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። አንገቴን አሰገግኩ።

ሥዕሉ ገና ተጣርቶ አላለቀም፤ «ተማሪው» ግን ቀይ ክቡን ማሥመር ጀምሯል። ጭኑ ላይ፣ ዳሌው ላይ፣ በጀርባው ግራና ቀኝ፣ ትከሻው ላይ፣ ክንዶቹ ላይ። ከጭንቅላቱ እስከ ጉልበቱ ያልበራ ቦታ ያለ አልመሰለኝም። የሌላ ሰው ሥዕል ቢሆን ከሩቅ አይቼ «ይሄማ እንዲህ ነው» ባልኩ ነበር፤ ስንት ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው። ግን ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም። ኮሪደሩን ግድግዳ ይዤ ሄድኩና መታጠቢያ ክፍል ገብቼ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። የመጣልኝ ጸሎት አልነበረም፤ ያቺ የሱፍ ቆቡ ናት። ያለ እሱ የማን ታናሽ እሆናለሁ አልኩ።

ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ልብሱን ለብሶ መጠበቂያው ላይ ተቀምጧል።

«ምን አየሽ?» አለኝ።

«ምንም አላየሁም። ደንብ አለ አላልኩህም?»

«ታዲያ ፊትሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ርቦኝ ነው ጋሼ። ሕማማት አይደል?»

ትክ ብሎ አየኝ። አመነኝ ወይም ያመነ መሰለ። ወዲያው ባልደረባዬ ብቅ ብላ ዶክተሩ እንደሚፈልገኝ ነገረችኝ። ያ ኮሪደር አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ።

ዶክተራችን የደርባን ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሥዕሉን ፊቴ አዙሮ፣ «ደንቡን ዛሬ ልጣሰው፤ ከአንቺ ማወቅ የምፈልገው ነገር አለ። ወንድምሽ ትናንት ምን ሲሠራ ዋለ?» አለኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ይሄ ሁሉ በሽታ አይደለም። ጡንቻ ነው። የደከመ ጡንቻ ስኳር እንደሚሻማ አንቺው ለተማሪዎች ታስተምሪያለሽ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ደስታ ሊመጣብኝ ሲል እጁን አነሳ። «ቆይ። ጡንቻው ስኳሩን ስለጨረሰው አንገቱ ላይ ምን እንዳለ በዚህ ሥዕል ልምልልሽ አልችልም። ጂም ይሄዳል?»

እንባዬ እየወረደ ሳቄ መጣ። «ወንድሜ? ሊፍት ካልሠራ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰውዬ?»

«ዕቃ ተሸክሞ ይሆን?»

«የሚሸከሙለት አሉ።»

«ዋና?» አለች ባልደረባዬ።

«ውኃ ይፈራል።»

ዶክተሩ በእስክሪብቶው ጭኑን፣ ዳሌውን፣ ጀርባውን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን ተራ በተራ እየነካ፣ «ግራና ቀኙን ተመልከቺ፤ እኩል ነው። ሰው ምን ቢሠራ ነው እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያደክማቸው?» አለ።

እኔም ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ባለሙያ አየሁት። ጉልበት ይታጠፋል። ክንድ ይዘረጋል። ትከሻ ክብደቱን ይቀበላል። ጀርባ ያነሳል። ጭን ያቆማል። ደግሞ ይታጠፋል። ዛሬ ምን ቀን ነው? ሐሙስ። የምን ሐሙስ? ተነሳሁና እዚያው ወለሉ ላይ በጉልበቴ ወርጄ፣ እጆቼን ተክዬ፣ ግንባሬን መሬት አስነካሁ።

«ኤይሽ! ሲሲ ወደቀች!» ብላ ባልደረባዬ ጮኸች። ዶክተሩ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

ተነስቼ ቆምኩና ደግሜ ወደቅሁ። «አልወደቅኩም! እየሰገድኩ ነው! ይሄው! ጭን፣ ጀርባ፣ ትከሻ፣ ክንድ!» እያልኩ ሦስት ጊዜ ሰገድኩላቸው፤ በሥራ ልብሴ፣ የጨረር መለኪያዬ ደረቴ ላይ እየተወዛወዘ። ዶክተሩ ወደ ሥዕሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ደግሞ ወደ ሥዕሉ አየ።

«ይሄ ስንት ጊዜ ነው የሚደረገው?»

«እንደ ሰዉ ነው። አርባ አንድ፣ መቶ፣ ሦስት መቶም አለ።»

«በሳምንት?»

«በቀን።»

መነጽሩን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ወጥቼ ወንድሜ ፊት ቆምኩ። «ጋሼ፣ ትናንት ስንት ሰገድክ?»

ሰውዬው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ማን ነገረሽ?»

«ማሽኑ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። በስመ አብ ብሎ ሦስት ጊዜ አማተበና የካሜራውን ክፍል በር በፍርሃት ተመለከተው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ሌላስ ምን አየብኝ?» አለኝ።

እንዲህ ስቄ አላውቅም። ነርሶቹ ወጥተው እስኪያዩን ድረስ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም፤ እንደ ተያዘ ሌባ ነበር የሚያወራው። ከሰኞ ጀምሮ ሱቁን በየጊዜው እየዘጋ፣ ከብርድ ልብሱ ክምር ኋላ እየገባ፣ በየጸሎት ሰዓቱ አርባ አንድ አርባ አንድ ሲሰግድ ነበር የከረመው። «ሰው እንዳያየኝ ነበር የደበቅኩት። እኔና እግዜር ብቻ እንድናውቀው ብዬ። ይሄው ሆስፒታሉ በሙሉ አወቀ» አለ።

«ወረቀቱን አንብቤልህ የለም? ከባድ ሥራ አትሥራ ይላል!»

«ስግደት ሥራ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ጣልክ ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

ዶክተሩ ራሱ ወጥቶ አነጋገረው። ለማክሰኞ ቀጠሮ ሰጠውና እስከዚያ ድረስ ምንም እንዳይሰግድ ለመነው። ከእሑድ በኋላ አምሳ ቀን ሙሉ ቤተ ክርስቲያናችን ስግደት እንደምትከለክል ስነግረው ደስ አለው። «ይሄን ወረቀታችን ላይ ብናስገባው ጥሩ ነበር» አለ። ችግሩ አርብ ነበር። ነገ ስቅለት ነው፤ ያን ቀን ደግሞ የማይሰግድ የለም። ወንድሜ ተኮሳተረ። ለቄሱ ደወልኩላቸው። «ልጄ፣ ሕመሙ ስግደቱ ነው፤ ተቀምጦ ይዋል» አሉ።

አርብ ተቀመጠ። ከአረጋውያንና ከነፍሰ ጡሮች ጋር የኋላው አግዳሚ ላይ፣ ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ። ሕዝቡ ሲወድቅ ሲነሳ እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያያል፤ እንባው ሲወርድ አየሁት። የሱን ድርሻ እኔ ልስገድ ብዬ ጀመርኩና ሦስት ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ሥዕሉ ላይ ያ ሁሉ የበራው ለምን እንደሆነ በጭኔ ተማርኩት።

ፋሲካን ውጤቱን ሳናውቅ ዋልን። ግን እንዴት ያለ ፋሲካ ነበር! ምላሴ አላስችል ብሎኝ ወሬውን ለአንድ ሰው ነግሬ ነበር፤ እሑድ ጀፕ በሙሉ ሰምቶታል። ዶሮው ሳይወጣ ቤቱ ሞላ። «ስግደት የሚቆጥር ማሽን» ተባለ። አንዱ ማሽኑ ጾም የፈታውንም ይለይ እንደሆነ ጠየቀኝ። አንዲት ሴትዮ ባሏን ይዛ መምጣት ትችል እንደሆነ፣ ትናንት ማታ የት እንዳመሸ ሥዕሉ ላይ ይወጣ እንደሆነ አጥብቃ ጠየቀችኝ። ወንድሜ መጀመሪያ አፍሮ ነበር፤ ኋላ ራሱ ማውራት ጀመረ። በነገረው ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል፤ ማታ ላይ ሺህ ሰግዶ ነበር።

ማክሰኞ ስንሄድ ግን መኪናው ውስጥ ማናችንም አልቀለድንም። ባልደረባዬ በሩ ላይ ተቀበለችንና፣ «ባባ፣ ዛሬ እንደ ድንጋይ ነው የሚተኙት፤ በሐሳብም እንዳይሰግዱ» አለችው። እሱ ተኛ። እኔ በዚህ ቀን እውነቴን ነው፣ ወደዚያ በር አልሄድኩም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የእሳት ማጥፊያውን መመሪያ ደጋግሜ አነበብኩ።

ዶክተሩ ሁለታችንንም አንድ ላይ ጠራን። ሥዕሉ ላይ ጭኑ ጨለማ ነው፤ ጀርባው ጨለማ ነው። አንጎሉ ያበራል፣ ልቡ ያበራል፣ ኩላሊቱና ፊኛው ያበራሉ፤ የጤነኛ ሁሉ እንዲህ ነው። ዓይኔ ወደ አንገቱ ሄደ። ከጆሮው በታች ምንም የለም። «ተማሪው» አንድም ክብ አላሠመረም።

«ጠፍቷል» አለ ዶክተሩ፤ ደጋግሞ፣ ቀስ ብሎ። «መድኃኒቱ ሠርቷል። የቀረውን እናቀልለታለን።»

እልልታዬን የለቀቅኩት እዚያው የሥዕል ማንበቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጸጥታ ይከበር የሚል ጽሑፍ ሥር። ባልደረባዬ «ሃላላ!» ብላ ተቀበለችኝና የሷ እልልታ የኔን ዋጠው፤ ለካ በዚህ አንበልጣቸውም። ሕማማት አልፏል፤ ወንድሜን አገላብጬ ልስመው ስንደረደር ባልደረባዬ እጄን ይዛ ጎተተችኝ፤ ለካ ገና ጨረሩ ያልበረደ ስኳር ተሸክሟል። ከሁለት እርምጃ ርቀት፣ በአየር ላይ ሳምኩት። ዶክተሩም እጁን ሊዘረጋ ብሎ ትዝ አለውና ከሩቁ ሰገደለት፤ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ሕንዶቹ፣ መዳፎቹን አገናኝቶ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ወንድሜ ጨረሩ እንዳይነካኝ በሕጉ መሠረት ከኋላ ተቀመጠ፤ እኔ መሪውን ይዤ በመስታወቱ አየዋለሁ። ቆቡን አውልቆ በመስኮቱ ጸሐይ ይሞቃል። ደስታዬ ሊያስቀምጠኝ ስላልቻለ ነካ ነካ አደርገው ጀመር።

«በየጸሎቱ አርባ አንድ ስግደት! አንተ! ከመቼ ወዲህ ነው ነፍስህ እንዲህ የምታሳሳህ?»

«ለራሴ መሰለሽ እንዴ?» አለ።

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለእኔማ የሚለምን አላጣሁም፤ ጀፕ በሙሉ ሲለምንልኝ ነበር። እኔ ሌላ ነው የለመንኩት። ደንብ አለ ብትይኝም አንቺ አጮልቀሽ ማየትሽ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ያሳደግኩሽ እኮ እኔ ነኝ። እኔን የሚገድለኝን ነገር በዓይንሽ እንዳታይው ነው የሰገድኩት። ሌላው እንደ ፈቃድህ ይሁን፤ እሷ ብቻ አትየው አልኩት።»

አስነስቼው የነበረውን ሞተር አጠፋሁት። መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ቆየሁ። ከዚያ ዞር አልኩ።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ዕለት ዋሽቼሃለሁ። አይቻለሁ።»

ፈገግታው ጠፋ። ወደ ፊት ጠጋ አለ። «ምን አየሽ?»

«ስግደትህን» አልኩት። «ሌላ ምንም አልነበረም።»